የፊት ግድግዳው ብቻ ቅርስ ነውን?

አንድ ትልቅ የመንግሥት ወይም የማኅበር ሕንፃ የተሠራበት ጕዳይ አብቅቶ ባዶውን በቀረ ጊዜ፥ ሐኪም ቤቱ ሕመምተኞቹን፥ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን፥ የባቡር ጣቢያው መንገደኞቹን ባጣ ጊዜ፥ ወዲያውኑ ሁለት ዐይነት ሰዎች ይነሣሉ። አንደኞቹ «ይህ አሮጌ ነገር ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ ይፍረስና ለሕዝብ መኖሪያ የሚሆን ፎቅ ይሠራበት» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «ቅርስ ነውና ማንም እጁን አያግባበት፤ ታጥሮ ይቀመጥ» ይላሉ። ከነዚህ ከሁለቱ ጋር መከራከር ከባድ አይደለም፤ ያሰቡትን በግልጥ ስለሚናገሩ መልስ መስጠት ይቻላል። እኛ ዛሬ ብርዕ ያነሣነው በይበልጥ በሦስተኞቹ ላይ ነው። እነዚህኞቹ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቁ፥ ጧት ስለ ቅርስ ከሰዓት በኋላ ስለ ልማት የሚናገሩ፥ በመጨረሻም ሕንፃውን ከውስጥ ባዶ አድርገው በመንገድ በኩል የሚታየውን ግድግዳ ብቻ ካስቀሩ በኋላ «ቅርሱን ጠብቀን መኖሪያ ቤት አደረግነው» ብለው ሪባን የሚቈርጡት ናቸው።

አሳባችን በተሳሳተ መንገድ እንዳይተረጐም አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። አሮጌ ሕንፃ ወደ አፓርታማነት መለወጡን አንቃወምም፤ እንዲያውም ከሚለወጥባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን እንመርጣለን። ሰው የሚያድርበት ቤት ጣራው ባፈሰሰ ሌሊት የሚጮኽለት አለው። ሰው የማያድርበት ግን አንድ ቆርቆሮ ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳያውቀው ይበሰብሳል፤ የሚታወቀውም ጣራው ወለሉ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ክርክራችን «መለወጥ» እና «መጠበቅ» የሚባሉት ቃላት ምን ማለት እንደ ሆኑ ነው። ይህንም በባዶ ቃል እንዳናደርገው በሥራ የታዩ ሁለት ሕንፃዎችን እንመልከት። ሁለቱም በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ፥ ሁለቱም ለአእምሮ ሕመምተኞች የተሠሩ፥ በአንድ ዐይነት ዕቅድ የታነጹ ናቸው፤ መጨረሻቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ሆነ።

ቶማስ ስቶሪ ከርክብራይድ የሚባል የፊላዴልፊያ ሐኪም በ1854 (በአሜሪካ ስላሉት ሕንፃዎች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የአእምሮ ሐኪም ቤት እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሕመምተኞች በእስር ቤትና በድኆች መጠለያ እየተጣሉ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ከርክብራይድ ግን ሕንፃው ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆን አለበት አለ። ስለዚህ መካከለኛው ሕንፃ ለአስተዳደሩ ሆኖ በግራና በቀኙ የሕመምተኞቹ ክፍሎች እንደ ክንፍ ተዘርግተው፥ እያንዳንዱ ክንፍ ከፊተኛው ጥቂት ወደ ኋላ እየተሳበ እንዲሠራ አዘዘ። ምክንያቱም እንዲህ ሲሆን አንዱ ክንፍ ሌላውን ሳይጋርደው ፀሓይና ነፋስ በሁሉም ክፍል ይገባል። ጣራው ከፍ ያለ፥ መተላለፊያው ሰፊ፥ ግንቡ ወፍራም፥ ዙሪያው የአትክልትና የእርሻ ቦታ ሆነ። በአንድ ቤትም ከ250 የሚበልጥ ሕመምተኛ እንዳይገባ ጽፎ ነበር፤ ይህን ምክሩን ግን የሰማው ጥቂት ነው።

በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፥ ዳንቨርስ በምትባል ከተማ አጠገብ፥ ከኮረብታ ላይ የተሠራው ሐኪም ቤት በ1878 ተከፈተ። ቀይ ጡብ፥ ሾጣጣ ጣራ፥ ከሩቅ የሚታይ ማማ ያለው ሕንፃ ነበር። ለጥቂት መቶ ሰዎች የተሠራው ቤት በኋላ ከሁለት ሺህ በላይ ተጨናንቀውበት፥ ለፈውስ የታሰበው ስፍራ የመከራ ስፍራ ሆነ፤ ይህ የታወቀ ታሪክ ስለ ሆነ ልንሸፍነው አንወድም። በ1992 ተዘጋ። ከመዘጋቱም በፊት በ1984 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን መመዝገብ መጠበቅ አይደለምና፥ በ2005 ለአንድ የቤት ሠሪ ኩባንያ ተሽጦ በ2006 መፍረስ ጀመረ። አብዛኛው ክንፍ ተደመሰሰ። የቀረው የመካከለኛው ሕንፃና ከእርሱ ጋር የተያያዙት የክንፎች የውጭ ቅርፊት ብቻ ነው። ከቅርፊቱ በስተ ኋላ አዲስ አፓርታማ ተሠራ፤ ዙሪያውም በአዳዲስ ቤቶች ተሞላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። አሮጌውን ለማፍረስ የሚፈልጉ ሰዎች ሁልጊዜ ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ «የእሳት አደጋ አለበት» የሚል ነው። በዳንቨርስ በሚያዝያ 2007 ከባድ እሳት ተነሥቶ ነበር። የተቃጠሉት ግን ገና በመሠራት ላይ የነበሩት አዲሶቹ የእንጨት አፓርታማዎች ናቸው።

ተከላካዮቹ «ከኮረብታው ሥር ሆኖ ለሚያየው ሰው መልኩ እንዳለ ነው» ይላሉ። እኛም እንጠይቃለን፤ የዚያ ሕንፃ ቅርስነት ምኑ ላይ ነበር? ማማው ላይ ነውን? ማማ በብዙ ቦታ አለ። ያን ቤት ከሌላው የለየው ክንፎቹ እየተሳቡ የቆሙበት አኳኋን፥ ብርሃኑ የሚገባበት መስኮት፥ አንድ ዘመን የታመመውን ሰው በሕንፃ ለመፈወስ ያደረገው ሙከራና የሙከራው መክሸፍ ነው። ይህ ሁሉ በውስጡ ነበር። ውስጡ ከወጣ በኋላ የቀረው ጡብ ስለ ማንም አይመሰክርም፤ እንደ ቲያትር መጋረጃ ከኋላው ያለውን ከመሸፈን በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በሐኪም ቤቱ መቃብር ከሰባት መቶ በላይ ሕመምተኞች ተቀብረዋል። በብዙዎቹ መቃብር ላይ የነበረው ምልክት ስም ሳይሆን ቍጥር ነው። ስማቸው ከመዝገብ ተፈልጎ እንዲጻፍላቸው የታገሉት ቀድሞ ራሳቸው በሕመምተኝነት የነበሩ ሰዎች ናቸው እንጂ ስለ ማማውና ስለ ጡቡ ቀለም ሲከራከሩ የነበሩት አዋቂዎች አይደሉም።

ሁለተኛው ሕንፃ በሚሽጋን ክፍለ ግዛት ትራቨርስ ሲቲ በምትባል ከተማ ይገኛል። በ1885 የተከፈተው ይህ ሐኪም ቤት ዋናው ሕንፃው ብቻ አራት መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል። የመጀመሪያው ሹም ሐኪም ጄምስ ዴከር ማንሰን ውበት ራሱ መድኃኒት ነው ብሎ ስለሚያምን ከልዩ ልዩ ስፍራ ዛፎች እያስመጣ ያስተክል ነበር። ሕመምተኞቹም በእርሻውና በከብቱ በረት ይሠሩ ነበር። (ከላሞቹ አንዲቱ ብዙ ወተት በመስጠት ዝነኛ ስለ ነበረች በ1932 ስትሞት በስሟ የድንጋይ ሐውልት ቆሞላታል፤ ሐውልቷ ዛሬም አለ። ላሟ ስሟ ተጽፎ በዳንቨርስ ሰው በቍጥር መቀበሩን ያነጻጸረ ሰው ይዘነጋዋል ብለን አናስብም።) ይህም ቤት ቢሆን ከጥፋት ፈጽሞ አልዳነም፤ መካከለኛው ክፍሉ የእሳት አደጋ ያሰጋል ተብሎ በ1963 ፈርሶ በቦታው መልክ የሌለው አዲስ ሕንፃ ተተክቶበታል። በ1989 ሐኪም ቤቱ ሲዘጋም ከዐሥር ዓመት በላይ ባዶውን ቆመ።

ከ2000 ወዲህ ግን አንድ የሕንፃ ሥራ ቤተሰብ ተረክቦት ሌላ ዐይነት ሥራ ተጀመረ። ክንፎቹ አልተነኩም። ወፍራሙ ግንብ ጭነቱን እንደ ተሸከመ ቀረ። የሕመምተኞቹ ትንንሽ ክፍሎች በመካከላቸው በር እየተከፈተ ሁለት ሦስቱ አንድ መኖሪያ ሆኑ። ምድር ቤቱ የሱቆች መተላለፊያ ሆነ፤ ቀሪው ለሐኪም፥ ለጠበቃ፥ ለምግብ ቤት ተከራየ። ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ክፍል በክፍል፥ አንዱ አልቆ ሰው ሲገባበት ሌላው እየተጀመረ ለብዙ ዓመታት ተካሄደ። በርግጥ ይህን ያደረገው የሰዎቹ ደግነት ብቻ አይደለም። ከ1976 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የታሪክ ሕንፃን አድሶ ገቢ ለሚያገኝበት ባለቤት በግብሩ ላይ ርዳታ ያደርግለታል፤ በኋላም ለእድሳቱ ካወጣው ገንዘብ ከመቶ 20 ከግብሩ እንዲቀነስለት ተደነገገ። ይህን የሚያገኘው ግን ሥራው ተመርምሮ ደንቡን የጠበቀ ከሆነ ነው፤ ምርመራውም ከውጭ ግድግዳ አልፎ እስከ ደረጃው፥ እስከ መተላለፊያውና እስከ መስኮቱ ድረስ ይገባል። ሊጠገን የሚችለው ይጠገናል እንጂ አይለወጥም። የግድ አዲስ ነገር ቢጨመርም ወደ ፊት ቢነቀል አሮጌውን የማይጎዳ መሆን አለበት። እንግዲህ ከውስጥ ተቦርቡሮ ግንባሩ ብቻ የቀረ ሕንፃ ከዚህ ርዳታ የሚያገኘው የለም። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ልብ ብለው ቢመለከቱት እንወዳለን፤ የእኛ ሕግ ሲከለክል እንጂ ሲሸልም ብዙ ጊዜ አላየነውምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ አዲስ አበባ ታላላቅ ቤቶችን ወደ ብዙ ሰው መኖሪያነት በመለወጥ ረገድ ከማንም ያነሰ ልምድ የላትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ሲወጣ፥ የመኳንንቱና የነጋዴዎቹ ትልልቅ ቤቶች፥ ምድሩ በድንጋይ ተገንብቶ ላዩ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፥ ዙሪያውን በረንዳ የዞረው፥ በኢትዮጵያውያን፥ በአርመንና በህንድ አናጺዎች እጅ የተጠረበ ስንትና ስንት ቤት፥ አዳራሹ በጣውላና በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ የብዙ ቤተሰብ ማደሪያ ሆነ። በረንዳው ማድ ቤት፥ የአዳራሹ ጥግ መኝታ ቤት፥ የደረጃው ሥር የከሰል ማስቀመጫ ሆነ። ይህን የምንጽፈው ተከራዮቹን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ ባይኖሩበት ኖሮ ብዙዎቹ ቤቶች እስከ ዛሬ ባልቆሙም ነበር።

ጥፋቱ ከሌላ ቦታ መጣ። በአዋጁ መሠረት ኪራዩ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይ መቀነሱ ለድኃው መልካም ሆነ፤ ነገር ግን በዐሥርና በሃያ ብር ኪራይ የአንድ ቤት አሸንዳ እንኳ ሊጠገን አይችልም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ደግሞ ከድንጋይ ቤት የተለየ ጠባይ አለው። አሸንዳው ሲቀደድ የሐምሌ ውሃ በግድግዳው ይወርዳል፤ ጭቃው ይረጥባል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ቋሚውን ምስጥ ይገባበታል። ከዚያም አንድ ባለሥልጣን መጥቶ «ቤቱ አርጅቷል፥ ለነዋሪው አደገኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ቤቱ ግን ያረጀው በዕድሜው ሳይሆን በአንድ አሸንዳ ምክንያት ነው። ዋጋውም ቀድሞ ቢከፈል ኖሮ ለማፍረሻው ከሚወጣው ያንስ ነበር።

እንግዲህ የአሜሪካውና የእኛው ጥፋት ሁለት ዐይነት ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ገንዘብ በዝቶ ሕንፃው ከውስጥ ተቦረቦረ፤ እዚህ ገንዘብ ጠፍቶ ከላይ ወደ ታች በሰበሰ። አሁን ግን የእኛም ከተማ ገንዘብ ማየት ስለ ጀመረች፥ ከሁለተኛው ጥፋት ሳንወጣ ወደ መጀመሪያው እንዳንገባ እንሰጋለን። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። አንድ አሮጌ ቤት ከነሙሉ አካሉ እንኳ ቢቀር፥ ዙሪያው ያለው መንገድ፥ ጎረቤቱና ጠላ ቤቱ ከሄደ በኋላ ብቻውን የቆመው ቤት ስለ ፒያሳ የሚናገረው ከግማሽ በታች ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርብብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ ቀላል ነው ብለንም አናልፈውም። «በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው የሚያድርባት ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ስለ ተጠረበ እንጨት ታወራላችሁን? ውሃ ሽንት ቤት የሌለው ተከራይ የሚፈልገው አዲስ ቤት እንጂ ታሪክ አይደለም» ይሉናል። ስለ ተከራዩ ችግር የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ስለ መፍትሔው የተናገሩት ግን አልተረጋገጠም። የውሃ ቧንቧ፥ ሽንት ቤትና ማድ ቤት በአሮጌ ቤት ውስጥ ማስገባት የሚቻል ሥራ ነው፤ በትራቨርስ ሲቲ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ደግሞስ የፈረሰው አሮጌ ቤት ተከራይ በዚያው ቦታ በሚሠራው አዲስ ፎቅ የሚገባው ስንት ጊዜ ነው? በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ጥላ ሆኗል፥ ይህን አንክድም፤ ነገር ግን ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳር የሄደው ሰው የቀድሞ ገበያውን፥ ዕድሩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ትቶ ነው የሄደው። አሮጌውን ሕንፃ ለነዋሪው አስተካክሎ መስጠት ግን ቅርሱንም ዕድሩንም በአንድ ወጪ ያቆያል። ስለ ድኃው የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ ጨርሰው ሳያስቡ በድኃው ስም የማፍረሻ ፈቃድ ባይጠይቁ እንመርጣለን።

«ሙዚየም ይሁን» ለሚሉት ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፥ መልካም ነው። ሆኖም ከተማዋ ላሏት አሮጌ ቤቶች ሁሉ ትኬት ቈራጭና ዘበኛ ልታቆም አትችልም። ከዚህ ይልቅ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ምሳሌ ይሻላል። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ቤተ መንግሥቱ አልተዘጋም፤ አልፈረሰምም። ተማሪ ገባበት፥ ቤተ መጻሕፍት ሆነ፥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ግን ለጎብኚ ሳይነካ ተጠበቀ። አንድ ሕንፃ ሥራውን ለውጦ አካሉን ሳያጣ ሊኖር እንደሚችል ለማየት ከስድስት ኪሎ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ለገሃር ነው። የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ከመካከለኛው ከተማ ውጭ ስለ ሆነ አሮጌው ጣቢያ ያለ ባቡር ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው በ360 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ የመኖሪያና የንግድ መንደር እንደሚሠራ ይፋ ሲሆን ጣቢያው በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነግሯል። ይህን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ጥያቄ አለን። ጣቢያ ሲባል የትኛው ነው? ፊት ለፊት ሰዓቱ የተሰቀለበት ቤት ብቻ ነውን? ወይስ መጋዘኑ፥ ባቡር የሚጠገንበት ቤት፥ መንገደኛው የሚሳፈርበት መድረክና የሠራተኞቹ መኖሪያ ጭምር ነው? ለብዙ ዓመት አገር ያንቀሳቀሱት ብየዳና ቅጥቀጣ የሚያውቁ፥ ፈረንሳይኛንና አማርኛን ቀላቅለው የሚናገሩ ሠራተኞች ያን ሁሉ የሠሩት በሰዓቱ ሥር ቆመው አይደለም። አፓርታማ እንኳ መሆን ካለበት፥ ለዚህ ከሰዓቱ ቤት ይልቅ ሰፊው መጋዘንና የጥገናው ቤት ይመቻል፤ ጣራው ከፍ ያለ፥ በመካከሉ ግድግዳ የሌለው ነውና ለመክፈል አያስቸግርም።

በሹመት ላይ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፥ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ባለይዞታው ቅርሱን እንዲንከባከብና ለማደስ ሲፈልግ ፈቃድ እንዲጠይቅ አዟል። ፈቃድ ሰጪው ግን የሚመጣለትን የፊት ሥዕል ብቻ አይቶ ማኅተም እንዳያሳርፍ፤ የወለሉን፥ የደረጃውን፥ የጣራውን እንጨት ሥዕል ያምጡልኝ ይበል። ማንም ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ቤቱ በሙሉ ይለካ፤ ለዚህም ገንዘብ የለንም እንዳይባል የሕንፃ ትምህርት ተማሪዎች አሉ፥ መምህራኖቻቸውም በሜትርና በእርሳስ ቢያሰማሯቸው ከመማሪያ ክፍል የማያገኙትን ይማራሉ። የነዋሪዎቹ ስምም ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ባለቤት መኰንን ብቻ ሳይሆን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በአዳራሹ ጥግ ልጅ ያሳደገችው ተከራይ ጭምር። ከሚታደሰው ቤት የሚገኘው ኪራይ ከፊሉ ለዚያው ቤት ጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወደ አጠቃላይ ካዝና የገባ ገንዘብ ወደ አሸንዳ ሲመለስ አላየንምና። ኖራ ማብኰትና ጭቃ መምረግ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉም ወጣቶች ከእጃቸው ሥር ይመደቡ፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስን ግንበኛ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ቤቱን እንደሚገድለው ማወቅ አለበት።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን የዘንድሮው ክረምት አይጠብቅም። ስለዚህ አሮጌ ቤት በእጁ ያለ እያንዳንዱ ወረዳና መሥሪያ ቤት ሰኔ ሳይገባ አንድ ሰው በመሰላል ወደ ጣራ አውጥቶ አሸንዳውን ያስጠርግ፤ የተቀደደውንም ቆርቆሮ ያስለውጥ።